ጅቡ ሲለወጥ ማንም አላየም

ጠጋ በሉማ። ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ላይ ወሬ የሚጣፍጠው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቷል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሙቀቱ ማንንም ከቤት አያስወጣም። እኔም የማወራው አለኝ። ስለ ደም መጣጮች። ይልቁንም እነሱን ስለሚወዱ ደራሲዎች።

እነዚህን ደራሲዎች አውቃቸዋለሁ። ልቦለዳቸውን ለሌላ ከማሳየታቸው በፊት ለእኔ ይልኩልኛል። «እትዬ፣ ቫምፓየር ጻፍኩ!» ከፈት ሳደርገው ሮማኒያ ነው፣ በረዶ ነው፣ ጥቁር ካባ ነው። በጅቡቲ ሐምሌ በረዶ የሚያዘንብ ልብ ደስ ይለኛል፤ ድፍረት ይጠይቃል። ግን ለእያንዳንዳቸው ሹክ የምላትን ነገር ለእናንተም ልበላት።

ድራኩላን በ1897 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው ብራም ስቶከር የድራኩላን አገር ትራንሲልቫኒያን ረግጧት አያውቅም። አንድም ቀን! የድራኩላን ስም ያገኘው በ1890 ዊትቢ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ፀሐይ ሲነካው ብን ብሎ የሚጠፋውስ? እሱም የስቶከር አይደለም። የስቶከር ድራኩላ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ በቀን ለንደን መሀል ይንጎራደዳል። በፀሐይ የገደለው በ1922 የወጣው ኖስፌራቱ የተባለ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ዛሬ ሁሉም እንደ ጥንት ሕግ ይጽፈዋል።

ቆዩ፣ ትልቁ ምስጢር ገና ነው።

የስቶከር ማስታወሻዎች ዛሬም አሉ፤ ፊላዴልፊያ፣ ሮዘንባክ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ካነበባቸው መጻሕፍት አንዱ ሳቢን ባሪንግ ጉልድ በ1865 ስለ ተኩላ ሰዎች ያሳተመው ነው። የድራኩላ የገጠመ ቅንድብና መዳፉ ላይ የበቀለው ፀጉር ከዚያ የተወሰዱ ናቸው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ማን አለ መሰላችሁ? የኛው ቡዳ! ሌሊት ጅብ የሚሆነው፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለበት ባለ እጅ። ስቶከር ቡዳን ወሰደ አልልም። ግን ድራኩላን ሲያበስል ቡዳችን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የቡዳው ወሬ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት በኖሩት በናትናኤል ፒርስና በዊልያም ኮፊን በኩል ነው። በ1831 በታተመው በፒርስ መጽሐፍ ውስጥ ያለችውን ታሪክ ስሟት። ቡዳ ነው የሚባል የኮፊን አሽከር እስከ ነገ ፈቃድ ጠየቀ። ተፈቀደለት፤ ሄደ። ኮፊን ፊቱን ወደ ሌሎቹ እንዳዞረ «እዩት፣ እዩት፣ ጅብ እየሆነ ነው!» አሉ። ዞር ቢል ልጁ የለም። ዛፍ ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ላይ ትልቅ ጅብ ይሮጣል። በማግስቱ ልጁ ተመለሰ፤ ጓደኞቹ ሲያፋጥጡት አልካደም።

አሁን እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ያለን ሰዎች የምናየውን ልንገራችሁ። ኮፊን ጅቡን አየ። ልጁንም አየ። ሲለወጥ ግን አላየም! ታሪኩ ሁለት መቶ ዓመት የኖረው በዚያች ጎዶሎ ቅጽበት ነው። ጀማሪ ደራሲ ጥፍሩ ሲያድግ፣ ጥርሱ ሲሾል፣ ሦስት ገጽ ይጽፋል። የበሰለው የአንባቢውን ፊት ያዞራል። በቃ፣ ሙያው ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ሀብት ደግሞ እዚሁ ደጃችን ላይ ፈሷል። የሶማሌ ጎረቤቶቻችሁን ስለ ቆሪ ኢስማሪስ ጠይቋቸው፤ ሲመሽ ገላውን በእንጨት አሽቶ ጅብ ይሆናል፣ ሲነጋ መልሶ አሽቶ ሰው። ከከተማ ወጣ ብሎ ደግሞ የጉቤት ባሕረ ሰላጤ አለ፤ የጂኖች መኖሪያ ነው ይባላል፣ ውስጡ ያለችውም ደሴት የሰይጣን ደሴት ትባላለች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ከባለዛሯ ከመልካም አየሁ ዘንድ ወራት አሳልፎ፣ በ1933 ከጓዶቹ ጋር ጉዞውን የቋጨው እዚሁ ጅቡቲ ነበር። እሱ ከፓሪስ ድረስ የመጣለትን ነገር የኛ ልጆች ካርፓቲያን ተራራ ላይ ይፈልጉታል!

አንድ ነገር ግን ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ ልናገር። ድራኩላ ጎረቤት የለውም፤ ቡዳ ግን አለው። ቡዳ የተባሉት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ማረሻውን ከሠሩለት፣ ምጣዱን ከጠፈጠፉለት ሕዝብ ጋር በማዕድ አይቀርቡም ነበር። ልጅ ሲታመም ጣት ወደ እነሱ ይቀሰራል። ከሚላኩልኝ የእጅ ጽሑፎች ውስጥ የሚያሳምመኝ፣ ይሄንን ፍርድ እንዳለ ገልብጦ ሸክላ ሠሪዋን ጭራቅ የሚያደርገው ነው። ያ ድርሰት አይደለም፤ የድሮ ክስ ነው።

ስለዚህ፣ እናንተ በድብቅ የምትጽፉ፣ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ቀጣዩን ታሪክ ከሸክላ ሠሪዋ ጎጆ ውስጥ ሆናችሁ ጀምሩት። ውጭ «ጅብ ሆነች!» እያለ የሚጮኸውን መንደር እሷ ትስማው። ስትጨርሱ ላኩልኝ፤ ሌሊቱን አነበዋለሁ።