የሞባይል ዳታ ጫናን በዋይፋይ መቀነስ፦ አሠራሩና ከተጠቃሚዎች የሚጠበቀው ጥንቃቄ

የመንግሥት አገልግሎቶች በኢንተርኔት መሰጠታቸው እየሰፋ በመጣ ቁጥር ተገልጋዮች ማመልከቻ የሚያስገቡበትና ክፍያ የሚፈጽሙበት ዋነኛ መሣሪያ የሞባይል ስልክ እየሆነ ነው። ይሁንና ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት የተሞላ ቅጽ ሳይላክ ሊቀር፣ የተጀመረ ክፍያም ሊቋረጥ ይችላል።

የመጨናነቁ ምክንያት

አንድ የሞባይል አንቴና የሚያገለግለው የተወሰነ አካባቢን ሲሆን፣ የተመደበለት የሬዲዮ ሞገድም ውስን ነው። በአካባቢው የሚገኙ ተጠቃሚዎች ሁሉ ይህንኑ አቅም ይጋራሉ። በመሆኑም እንደ ደመራና ጥምቀት ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ዕለታት ስልኩ ሙሉ ሲግናል እያሳየ ኢንተርኔቱ ሊዘገይ ይችላል። ምልክቱ የሚያሳየው የሞገዱን ጥንካሬ እንጂ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚደርሰውን ድርሻ አይደለምና።

ዋይፋይ ጫናውን የሚያቃልለው እንዴት ነው?

ዋይፋይ በአብዛኛው የሚሠራው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ሞገዶች ነው። መሣሪያው ከፋይበር ወይም ከሌላ የመደበኛ ስልክ መስመር ጋር ሲገናኝ የዳታ ልውውጡ በአንቴናው ሳያልፍ ይከናወናል። ሲም ካርድ የሚገባበት የዋይፋይ መሣሪያ ወይም ከሌላ ስልክ የሚጋራ ኢንተርኔት ግን መልሶ የሞባይል ኔትወርክን ስለሚጠቀም ጫናውን አይቀንስም።

ተጠቃሚዎች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ተግባራት

• የመተግበሪያዎች ማሻሻያና የፎቶግራፍ ቅጂ በዋይፋይ ብቻ እንዲከናወኑ የስልኩን ቅንብር ማስተካከል፤
• ከባድ ሰነዶችንና ቪዲዮዎችን በተቻለ መጠን በቤት ወይም በሥራ ቦታ ዋይፋይ መላክና ማውረድ፤
• ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ የሚዞር መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ። ይህ ካልታወቀ የዳታ ጥቅል ሳይታሰብ ሊያልቅ ይችላል።

ጥንቃቄ

በሕዝብ መገልገያ ሥፍራዎች የሚገኝ የይለፍ ቃል የሌለው ዋይፋይ ለመረጃ ስርቆት ሊያጋልጥ ይችላል። አጭበርባሪዎች የታወቀ ተቋምን ስም የያዘ ሐሰተኛ ዋይፋይ ሊከፍቱም ይችላሉ። ስለሆነም ከመገናኘት በፊት ትክክለኛውን ስም የተቋሙን ሠራተኛ መጠየቅ ይገባል። የባንክ ክፍያ ለመፈጸምና የመታወቂያ መረጃ ለመላክ የሚታመን ዋይፋይ ከሌለ የራስን ሞባይል ዳታ መጠቀም ይመረጣል።

ዋይፋይ ያለው ተጠቃሚ ከባድ የዳታ ልውውጡን ከአንቴናው ሲያነሳ፣ የሚለቀቀው አቅም ከሞባይል ኔትወርክ በስተቀር ሌላ አማራጭ ለሌለው ተገልጋይ ይውላል።