አብሮ ለመብላት የሚያመች የጾም ራት፤ ከኮሪያውያን የሩዝ ሳህን

የቤተ ሰብ ማዕድ የሚፈርሰው በአንድ ቀን አይደለም። ረቡዕ ማታ እናት ከሥራ ደክማ ትገባለች፤ አባት ከመንገዱ መጨናነቅ የተነሣ ይዘገያል፤ ልጆችም እንደ ራባቸው ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ወጥ ለመሥራት ሽንኩርቱ እስኪበስል ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እንጀራውም አልቋል። እንግዲህ አንዱ ዳቦ በሻይ ይበላል፤ ሁለተኛው ከሱቅ ብስኩት ገዝቶ ይመጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቀኑ የጾም ቀን መሆኑን ዘንግቶ እንቁላል ይጠብሳል። እንዲህ ያለው ማታ በተደጋገመ ቍጥር ሁለት ነገሮች ከቤታችን ቀስ በቀስ ይወጣሉ፤ አንደኛው አብሮ መብላት፥ ሁለተኛውም የረቡዕና የዓርብ ጾም ነው።

ስለዚህ ለእንደዚህ ያለው ማታ የሚሆን አንድ ምግብ ለአንባብያን እናቀርባለን። ምግቡ ቢቢምባፕ የሚባለው የኮሪያ ሕዝብ የሩዝ ምግብ ነው። በኮሪያ ቋንቋ «ቢቢም» ማደባለቅ፥ «ባፕ» ደግሞ የበሰለ ሩዝ ማለት ነው። በጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ይደረጋል፤ በሩዙም ላይ ልዩ ልዩ አትክልት በየቀለሙ ይደረደራል፤ ቀይ ድልህ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ተመጋቢው ራሱ በማንኪያ አደባልቆ ይበላዋል። ዓላማችን እንጀራን ከገበታ ለማስነሣት አይደለም፤ እንጀራ በሌለበትና ጊዜ ባጠረበት ማታ ቤተ ሰቡ ሳይበተን፥ ጾሙም ሳይፈርስ ራት የሚበላበትን መንገድ ለማመልከት ነው እንጂ።

እንጀራ ለእኛ እንደ ሆነልን ባፕም ለኮሪያውያን እንዲሁ ነው። እኛ «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» ስንል ኑሮን ሁሉ ማለታችን እንደ ሆነ፥ እነርሱም ባፕ ሲሉ ብዙ ጊዜ ማናቸውንም ምግብ ማለታቸው ነው፤ ሲገናኙም «ሩዝ በልተሃልን?» ብሎ መጠያየቅ የቆየ የሰላምታ ልማዳቸው ነው። ቤተ ሰብን ከሚጠሩባቸው ቃሎችም አንዱ «ሺክኩ» ሲሆን ቃል በቃል ሲተረጐም «የሚበሉ አፎች» ማለት ነው፤ ይኸውም በአንድ ቤት አብረው የሚመገቡ ሰዎች ለማለት ነው። ቤተ ሰብን በደም ብቻ ሳይሆን በማዕድም የሚለይ ቃል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በእኛና በኮሪያ ሕዝብ መካከል ያለው የማዕድ ዝምድና አዲስ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ባሕር ተሻግሮ ኮሪያ በገባ ጊዜ አገሪቱ በጦርነት ተቃጥላ ሕዝቡም ተርቦ ነበር። ወታደሮቻችን ዶንግዱቾን በምትባለው ከተማ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው መጠለያ አቋቋሙላቸው፤ ከራሳቸውም እያዋጡ ይመግቧቸው ነበር። በ1960 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኮሪያ በሄዱ ጊዜ በቹንቾን ከተማ ለዘማቾቹ መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ተመርቋል። በኋላም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች በጣና ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ እንዲጀመር ረድተዋል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዘር ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው። እንግዲህ የፎገራ ሩዝ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው የዚህን ምግብ ዋና ነገር በእጁ ይዟል ማለት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ለአምስት ሰው 3 ብርጭቆ ሩዝ ይበቃል። ሩዙ ውሃው እስኪጠራ ድረስ 3 ወይም 4 ጊዜ ይታጠብ፤ 20 ደቂቃም በውሃ ይዘፍዘፍ። ፍሬው አጠር ያለ ሩዝ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ በማንኪያ ለማደባለቅ ይመቻል፤ ረጅሙ ይበታተናል፤ ነገር ግን ሌላ ከሌለ እርሱም አይናቅም። በቈላ አገር ለ1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ብርጭቆ ከሩብ ውሃ ይበቃዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ሩዙ ቶሎ አይበስልም፤ ስለዚህ ለ1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ብርጭቆ ተኩል ውሃ ማድረግ ይገባል። በፈላ ጊዜ እሳቱ ይቀነስ፤ ክዳኑ ሳይከፈት 20 ደቂቃ ይቆይ፤ ከእሳት ከወረደም በኋላ 10 ደቂቃ በእንፋሎቱ ይረፍ። እኛም መጀመሪያ በሞከርነው ጊዜ ክዳኑን እየከፈትን ብናማስለው ሩዙ ገንፎ ሆኖብን ነበር፤ ጥፋቱ የሩዙ ሳይሆን የትዕግሥታችን ማነስ ነበር።

ሩዙ በሚበስልበት ጊዜ አትክልቱ ይሰናዳል። ኮሪያውያን ለዚህ ምግብ ነጭ፥ ጥቍር፥ አረንጓዴ፥ ቀይና ቢጫ ቀለም ማሟላት ይወዳሉ፤ በሥራ ቀን ግን ሦስት ዓይነት አትክልት ይበቃል። አንድ እስር ቆስጣ በፈላ ውሃ ውስጥ 1 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይውጣ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቅልቆ ይጨመቅና ይከተፍ። ሁለት ዝኩኒ በስሱ ተቈርጦ ጥቂት ጨው ይነስነስበት፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ውሃው ተጨምቆ በጥቂት ዘይት ይጠበስ። ሦስት ካሮትም እንደ ክብሪት እንጨት በቀጭኑ ተቈርጦ በዚያው መጥበሻ 3 ደቂቃ ይጠበስ። እንጉዳይ ያገኘ ሰው ቀለሙ ሌላውን እንዳያጠቍር ከሁሉ በኋላ ይጥበሰው። ከቀላሉ ቀለም ወደ ጥቍሩ ከተሄደ መጥበሻውን በየመካከሉ ማጠብ አያስፈልግም። እያንዳንዱ አትክልት ለየብቻው በጥቂት ጨው፥ በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት ይለወስ። የሰሊጥ ዘይት ከሌለ የተቈላና የተወቀጠ ሰሊጥ ይበቃል፤ ሰሊጥ ለጾም ማዕዳችን እንግዳ እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

በቤታቸው በቆልት ማብቀል የሚያውቁ እናቶች ደግሞ ደስ ይበላቸው። ኮሪያውያን የአኩሪ አተር በቆልት ቀቅለው በዚህ ምግብ ላይ ያደርጋሉ፤ የእኛም የባቄላ በቆልት እስኪለሰልስ ድረስ ተቀቅሎ ስፍራውን በሚገባ ይይዛል። በጾም ቀን ሰውነትን የሚያጠነክር ነገር እንዳይጐድል በቆልት፥ የተቀቀለ ሽምብራ፥ ወይም በትላልቅ ከተሞች የሚሸጠው ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ይጨመር። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በንጉሡ ቤት ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው ያማረ እንደ ነበረ የምናስተምራቸው ልጆቻችን፥ የጾም ምግብ ጠግቦ ለማደር የሚበቃ መሆኑን በገበታችን ላይ ሊያዩት ይገባል።

የምግቡ ነፍስ ግን ጎቹጃንግ የሚባለው ቀይ ድልህ ነው። እርሱም ከበርበሬ፥ ከሩዝ፥ ከአኩሪ አተር ዱቄትና ከጨው ተዘጋጅቶ በእንስራ ለወራት የሚብላላ ነው። በርበሬ ለእኛም ለእነርሱም ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ሲሆን፥ በሁለቱም አገር የባለቤትነት ስፍራ ይዟል። በውጭ አገር፥ ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ በቨርጂንያ፥ የሚኖሩ ወገኖቻችን የኮሪያ ሱቅ በአቅራቢያቸው ስላለ ጎቹጃንግ ለማግኘት አይቸገሩም። በአገር ቤት ላለን ግን ይህ ምትክ ይረዳናል፤ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፥ 2 ማንኪያ ሶያ ሶስ፥ 1 ማንኪያ ማር፥ 1 ማንኪያ አቸቶ፥ 1 ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፥ 3 ማንኪያ ውሃና አንድ ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በለዘብተኛ እሳት ላይ 2 ደቂቃ ያህል ይማሰል። በእርግጥ እንደ ኮሪያው በጊዜ ብዛት የበሰለ ጣዕም የለውም፤ ነገር ግን የሚያቃጥለው፥ የሚጣፍጠውና የሚኮመጥጠው በአንድነት ስለሚገኙበት ለምግቡ ይስማማል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠ ሳምንቱን ያገለግላል።

በፍስክ ቀን በእያንዳንዱ ሳህን ላይ አንድ የተጠበሰ እንቁላል፥ ወይም በሶያ ሶስ፥ በስኳርና በነጭ ሽንኩርት ተለውሶ የተጠበሰ ስስ የበሬ ሥጋ ይደረጋል። በጾም ቀን ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኪምቺ የሚባለው የኮሪያውያን ኮምጣጣ ጎመን ብዙ ጊዜ በጨው ከተቀመመ ዓሣ ወይም ከትንንሽ የባሕር እንስሳት ጋር ስለሚዘጋጅ፥ የሚገዛው ሰው አስቀድሞ በምን እንደ ተሠራ ይመርምር። የተረፈ ሩዝንም በተመለከተ እንዲሁ ጥንቃቄ ያሻል፤ የበሰለ ሩዝ በሙቀት ውስጥ ካደረ ሆድ የሚያውክ መርዝ ያበቅላል፤ መርዙም እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ቀዝቅዞ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ግን ለዚያ ማታ የሚበቃውን ብቻ ያብስል።

ምናልባት አንዳንድ ወላጆች፥ «ሁሉም የየራሱን ሳህን ከያዘ ከአንድ ገበታ የመብላት ልማዳችን አይቀርምን?» ይሉ ይሆናል። ሥጋታቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ኮሪያውያን ራሳቸው ያንግፑን በሚባል ትልቅ የብረት ሳህን ውስጥ የሁሉን ድርሻ በአንድነት ደባልቀው፥ በዙሪያው ተቀምጠው ከአንድ ስፍራ የሚበሉበት ልማድ አላቸው። በእኛም ቤት ንጹሕ ሰፊ ሳህን በመካከል ይቀመጥ፤ ታናሹ ልጅ ካሮቱን፥ ተከታዩ ቆስጣውን፥ ታላቂቱም ዝኩኒውን በየመልኩ ይደርድሩ፤ ድልሁ ለሕፃናት እንዳይከብድ በጎን ይቅረብ። አትክልቱን ራሱ የደረደረ ልጅ አትክልት አልበላም ሲል እምብዛም አይሰማም። ጉርሻም በማንኪያ ቢሆን ጉርሻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ምግብ ለቤተ ሰብ ራት የሚያስመርጠው መጠበቅ የሚችል መሆኑ ነው። አትክልቱ ለብ ቢል ወይም ቢቀዘቅዝ ጣዕሙ አይጐድልም፤ ሩዙም በክዳኑ ሥር ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ እስኪደባለቅ ድረስ አንዳች ነገር አይበላሽም። ስለዚህ እናት ምግቡን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብታደርስና አባት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ቢዘገይ፥ «ሳይቀዘቅዝ ብሉ» ተብሎ ልጆቹ ቀድመው የሚበሉበት ምክንያት የለም። ሁሉም ተሰብስበው አቡነ ዘበሰማያት ከደገሙና ማዕዱ ከተባረከ በኋላ፥ ያን ጊዜ ማንኪያው ይነሣ፤ ያን ጊዜም ይደባለቅ።