የመኪና ሰብዉፈር ሳጥን

ሰብዉፈር ወፍራሙን ድምፅ፣ በግምት ከ20 እስከ 100 ኸርዝ ያለውን፣ ለማውጣት የተሠራ ስፒከር ነው። ያለ ሳጥን ግን ባሱ አይሰማም። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ የፊቱ አየር ይታመቃል፣ የኋላው ይሳሳል፤ ሁለቱ በጠርዙ ዞረው ሲገናኙ ይጣፋሉ። ሳጥኑ ይለያያቸዋል። ውስጡ የታፈነው አየር ደግሞ ኮኑን እንደ ሞላ ይገፋል፣ ይመልሳል፤ ስለዚህ የድምፁን ጠባይ የሚወስነው የሳጥኑ ስፋት ነው። ውድ ስፒከር ገዝቶ በተገኘ ሳጥን ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለት ዓይነቶች በብዛት ይሠራባቸዋል። አንደኛው ድፍን ሳጥን ነው፤ አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር በ1954 እ.ኤ.አ. ለቤት ስፒከር ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ቦታ አይፈጅም፣ ምቱ ቁርጥ ያለ ነው፣ የመለካት ስሕተትንም ይችላል። ሁለተኛው የአየር መውጫ ቱቦ ያለው ነው። ቱቦው በተቃኘበት ድምፅ አካባቢ የኮኑን የኋላ ጉልበት ወደ ውጭ ስለሚያወጣ በዚያው አምፕሊፋየር የበለጠ ይጮኻል። ዋጋው ግን አለ፤ ሳጥኑ ሰፊ መሆን አለበት፤ ከተቃኘበት በታች ያለ ድምፅ ሲመጣም ኮኑን የሚይዘው አየር ስለሌለ ከልክ በላይ ይወዛወዛል፣ ሊቀደድም ይችላል። በጣም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ የሌለው አምፕሊፋየር ከዚህ ሳጥን ጋር ባይጣመር ይሻላል።

ለምርጫው አምራቹ የሚሰጠው ወረቀት ይረዳል። ኤፍ ኤስ (Fs) የተባለው ቁጥር ኪው ኢ ኤስ (Qes) ለተባለው ተካፍሎ ከ50 በታች ከሆነ ስፒከሩ ለድፍን፣ ወደ 100 ከተጠጋ ወይም ካለፈ ለባለ ቱቦ ይስማማል።

ስፋት የሚለካው በውስጥ ነው። በ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ የተሠራ፣ በውጭ 50 በ40 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን 60 ሊትር ይመስላል፤ ውስጡ ግን 44.6 ሊትር ብቻ ነው። ከዚያም የማግኔቱ፣ የቱቦውና የድጋፍ እንጨቱ ቦታ ይቀነሳል። ቺፕውድ ከኤምዲኤፍ ይረክሳል፤ ነገር ግን ቪቴ በደንብ አይዝም፣ እርጥበትም ያሳብጠዋል። መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ ተጣብቆ በሲሊከን ይደፈናል። በድፍን ሳጥን ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ባስ ሲመታ ያፏጫል።

በገጠማ ጊዜ ከባትሪው የሚወጣው ገመድ በ45 ሴንቲሜትር ውስጥ ፊውዝ ይደረግለታል፤ ገመዱ ቢላጥና ከቦዲው ቢነካካ እሳት የሚከለክለው እሱ ነው። ባለ ሁለት መጠምጠሚያ ስፒከር፣ እያንዳንዱ 4 ኦም ከሆነ፣ ጎን ለጎን ሲያያዝ 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲያያዝ 8 ኦም ይሆናል። አምፕሊፋየሩ 2 ኦም መቻሉ አስቀድሞ ይጣራል። የላይኛው መቁረጫ 80 ኸርዝ አካባቢ ይጀመርና በጆሮ ይስተካከላል። ባሱ ከፊት ስፒከሮች ጋር ካልተስማማ የሰብዉፈሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተቀያይረው ይሞከራሉ፤ ጎልቶ የተሰማው ይያዛል። ሳጥኑም በብረት ማሰሪያ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ ያልታሰረ ከባድ ሳጥን በድንገተኛ ፍሬን ወደ ተሳፋሪው ሊወረወር ይችላል።