የቡና ክሬም በድሬዳዋ ሙቀት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከዚራ ሰፈር በተደረገ አንድ የምረቃ ግብዣ ላይ፣ ከምግብ በኋላ የሚቀርበውን ጣፋጭ የማዘጋጀት ኃላፊነት የወሰድነው እኛ ነበርን። ጣልያኖች «ክሬማ አል ካፌ» የሚሉትን የቡና ክሬም ለመሥራት አስበን፣ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ከስኳር ጋር መታን፤ ስልባቦትና ቡና ጨመርንበት። ከጧቱ 2 ሰዓት ያሰናዳነውን ክሬም እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አቆየነው። በማግሥቱ ከእንግዶቹ መካከል ዘጠኙ በትውከትና በተቅማጥ ታመሙ። ሁሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳኑ። ሆኖም ከታመሙት አንዷ የተመራቂዋ አያት ነበሩና ጉዳዩ በሳቅ የሚታለፍ አልሆነም።

ውድ አንባብያን፣ ክሬም መሥራት ለሳይንስ መጽሔት የሚገባ ርዕስ መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር አንፈርድበትም። ይሁንና በአንድ ሳህን የቡና ክሬም ውስጥ የፕሮቲን መርጋት፣ የስብ ክሪስታል፣ የአረፋ ፊዚክስና የባክቴሪያ መራባት አንድ ላይ ይገኛሉ። ከዚያ ግብዣ ወዲህ ስሕተታችን የቱ ላይ እንደነበር ለማወቅ ክሬሙን በዚያው ቤት፣ በዚያው ምድጃ ላይ ደጋግመን ሠርተነዋል።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከሥፍራው በደረሰ ጊዜ ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራሮች ባለመውጣቱ፣ የሐረር ቡና ወደ ባቡሩ መውረድ ግድ ሆነበት፤ ከተማይቱም በዚሁ ንግድ አደገች። በሐረርጌ የቡና ገለባን ወይም ቅጠልን በወተት አፍልቶ መጠጣት የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ቡናንና ወተትን ያገናኙት ጣልያኖች ናቸው ማለት አይቻልም። የእነርሱ ድርሻ ሌላ ነው። «ክሬማ» የሚለውን ቃል ለተመታ ስልባቦትም፣ በእሳት ለበሰለ የእንቁላል ክሬምም፣ በኤስፕሬሶ ላይ ለሚንሳፈፈው ቡናማ አረፋም ይጠቀሙበታል። የመጨረሻው አቺሌ ጋጃ የተባለ የሚላኖ ሰው ውኃን በከፍተኛ ግፊት በቡና ዱቄት ውስጥ የሚያሳልፍ መሣሪያ ከሠራ በኋላ የመጣ ነው። ጋጃ ለመጀመሪያ ፈጠራው የባለቤትነት መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር።

ስልባቦቱ ለምን ቅቤ ሆነ?

ጣልያኖች በበጋ የሚበሉት ቀዝቃዛ የቡና ክሬም ብዙውን ጊዜ ስልባቦትን ከስኳርና ከወፍራም ቡና ጋር በመምታት ይሠራል። እኛም 35 በመቶ ስብ ያለው ስልባቦት ከሱቅ ገዝተን፣ ከማቀዝቀዣ ካወጣነው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በቀትር ሙቀት መምታት ጀመርን። በመጀመሪያ አረፋ መሰለ፤ ጥቂት ቆይቶ ሻከረ፤ በመጨረሻም ቢጫ እንክብሎች በቀጭን ነጭ ፈሳሽ ላይ ተንሳፈፉ። አያቲቱ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ልጆቼ፣ ክሬም ትላላችሁ እንጂ የናጣችሁት እኮ ቅቤ ነው» አሉን።

እውነታቸውን ነው። በስልባቦት ውስጥ ያለው ስብ በቀጭን ሽፋን በተጠቀለሉ እጅግ ጥቃቅን ሉሎች መልክ ተበታትኖ ይገኛል። ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ የስቡ ከፊል ጠጣር ክሪስታል፣ ከፊሉ ፈሳሽ ነው። በምንመታበት ጊዜ ክሪስታሎቹ ሽፋኑን ይበሳሉ፤ ሉሎቹም ሙሉ በሙሉ ሳይዋሐዱ በከፊል ተጣብቀው በአየር አረፋዎቹ ዙሪያ መረብ ይሠራሉ። ክሬሙን የሚያቆመው ይህ መረብ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ግን ስቡ ይለሰልሳል፤ ሉሎቹ ፈጽመው ይዋሐዳሉ፤ መረቡ ፈርሶ ቅቤ ይሆናል። እናቶቻችን ወተት ሲንጡ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ከቅቤው የተረፈውን አሬራ አሙቀው አይብ ያወጣሉ። ቲራሚሱ ለተባለው ጣፋጭ የሚያገለግለው የጣልያኖቹ ማስካርፖኔ በአንጻሩ የሚገኘው ስቡ ሳይወጣለት ስልባቦቱን እስከ 85 ዲግሪ ገደማ አሙቆ በሎሚ ወይም በሌላ አሲድ በማርጋት ነው። ሁለቱም በሙቀትና በአሲድ የረጉ ናቸው፤ ነገር ግን አንደኛው ስቡ የተወሰደበት፣ ሌላው ስቡ የተከማቸበት ነው።

በድሬዳዋ ስልባቦት መምታት የሚፈልግ ሳህኑንና መምቻውን ጭምር ማቀዝቀዝ፣ ሥራውንም ጎሕ ሲቀድ መጀመር አለበት። በሰኔ ወር የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ በሚደርስባት ከተማ፣ ያውም መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ ይህ መንገድ አያዋጣም ብለን ተውነው።

በእሳት የበሰለው ክሬም

ሁለተኛው መንገድ በአስኳልና በስታርች ይሠራል። ግማሽ ሊትር ወተት አፈላን፤ ጥሬ ወተት የተለያዩ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ይህ ደረጃ አይዘለልም። 40 ግራም የተቆላ የሐረር ቡና በሙቀጫ ሰነጣጥቀን (ሳናደቅቅ ማለታችን ነው) ከትኩሱ ወተት ጨመርንና ከድነን 20 ደቂቃ ካቆየነው በኋላ በወንፊት አጠለልነው። ቡናው የጠጣውን ያህል ወተት መተካት ያስፈልጋል። የቡና መዓዛ ከሚሰጡት ውሑዶች ብዙዎቹ ከውኃ ይልቅ በስብ የሚሟሙ በመሆናቸው ወተት መዓዛውን በሚገባ ይይዘዋል። ጀንፈሉ እንዳለ በፀሐይ የሚደርቀው የሐረር ቡና የፍራፍሬ ጠረኑ በክሬሙ ውስጥ በግልጽ ይታወቃል።

በዚህ ደረጃ አንድ ጊዜ ወተቱ ተቆራርጦ ቀርቶብናል። የትኩስ ወተት ፒኤች 6.6 ገደማ ነው፤ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን የሚረጋው ፒኤቹ ወደ 4.6 ሲወርድ ነው። ቡና መጠነኛ አሲድ ስለሆነ ትኩስ ወተትን ብቻውን አያረጋም። ነገር ግን በሙቀት ውስጥ ውሎ መኮምጠጥ የጀመረ ወተት፣ ለምላስ ገና ጣፋጭ ቢመስልም፣ የእሳቱ ሙቀትና የቡናው አሲድ ሲጨመሩበት ወዲያውኑ ይቋጠራል። ከዚያ ወዲህ አንድ ማንኪያ ወተት ለብቻው አፍልተን ሳናይ አንጀምርም። የግመል ወተትም ሞክረናል፤ የስቡ ሉሎች ጥቃቅን ስለሆኑ ስልባቦቱ ቶሎ አይሰፍርም፤ በስታርች ሲበስል ግን መልካም ክሬም ወጥቶታል፤ ጥቂት ጨው ጨው ይላል።

ቀጥሎ አራት አስኳል፣ 100 ግራም ስኳርና 40 ግራም የበቆሎ ስታርች አንድ ላይ መትተን፣ ትኩሱን ወተት በቀስታ እያፈሰስን ቀላቀልነውና ሳናቋርጥ እያማሰልን እንደገና እሳት ላይ ጣድነው። ብቻውን የሚሞቅ አስኳል ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይረጋል። ወተትና ስኳር ሲቀላቀሉበት የመርጊያው ሙቀት ከፍ ይላል፤ ስታርቹ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ተያይዘው እንዳይጓጉሉ ስለሚከላከል ድብልቁ እስኪፈላ ድረስ ቢሞቅ አይቆራረጥም። መፍላትም አለበት። በአስኳል ውስጥ አሚሌዝ የተባለ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም ይገኛል። ክሬሙ እንደ ወፈረ ሳይፈላ ከወረደ ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፤ በማግሥቱም ክሬሙ ውኃ ሆኖ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አንድ ደቂቃ መንተክተክ ለኢንዛይሙም ሆነ ለባክቴሪያው በቂ ነው።

ወደ ባክቴሪያው ከመጣን፣ ያን ዕለት ላደረስነው ጥፋት ዋነኛው ተጠርጣሪ ሳልሞኔላ ነው። ይህ ባክቴሪያ በእንቁላል ቅርፊት ላይም ውስጥም ሊገኝ ይችላል፤ ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ግን በፍጥነት ይሞታል። እኛ አስኳሉን እሳት አላሳየነውም። በዚያ ላይ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለአብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ይመቻል፤ የድሬዳዋ የቤት ውስጥ ሙቀት ደግሞ ከዚህ መካከል ነው። በተመቸ ሁኔታ አንድ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ቢከፈል፣ በ10 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜ ይከፈላል፤ ሁለትን 30 ጊዜ በራሱ ስናባዛው ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣል። ስኳሩ መራባቱን ጥቂት ያዘገየው ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን ያስደነግጣል።

ስለዚህ የበሰለውንም ክሬም ቶሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በጥልቅ ድስት የተተወ ክሬም መሐሉ ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። እኛ በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተን፣ ትሪውን በቀዝቃዛ ውኃ ላይ አስቀመጥነው። አንድ ግራም ውኃ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ፣ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ እንስራም በደረቅ አየር ይረዳል። ነገር ግን እንስራው ከክፍሉ ሙቀት ጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ ያደርጋል እንጂ ማቀዝቀዣን አይተካም። መብራት ከጠፋ ክሬሙ በሁለት ሰዓት ውስጥ መበላት አለበት። ካልሆነ ይደፋል።

ለጾም የሚሆነው

አያቲቱ ሦስተኛውን ሙከራ ሊቀምሱልን ቃል ቢገቡም ዕለቱ ዓርብ ሆኖ ተገኘ። እንቁላልም ወተትም የሌለበት ክሬም መፈለግ ነበረብን። ጣልያኖች እንዲህ ያለውን የቡና ክሬም በውኃ ብቻ ይሠሩታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም በ«ዳልጎና ቡና» ስም ያወቀውም ቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚሟሟ ቡና፣ ሁለት ማንኪያ ስኳርና ሁለት ማንኪያ ውኃ በሳህን ቀላቅሎ አሥር ደቂቃ ያህል በእጅ መምታት ብቻ ነው።

አስቀድመን ግን የጀበና ቡና ሞከርን፤ በቡና አገር የሚሟሟ ቡና በጣሳ መግዛት አሳፍሮን ነበር። አልተሳካም። በጀበና ቡና ውስጥ የሟሟው ጠጣር ነገር ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በእሳት ብናወፍረው መራራ ሆነ፤ ከቡናው የወጣው ዘይትም አረፋውን አፈረሰው። የሚሟሟው ቡና ግን ዘይቱ አነስተኛ ነው፤ ፕሮቲኖቹና ረጃጅሞቹ የካርቦሃይድሬት ሞለኪውሎቹ እያንዳንዱን የአየር አረፋ ይሸፍናሉ፤ ስኳሩም ፈሳሹን ስለሚያወፍር ውኃው ከአረፋዎቹ መካከል ቶሎ አይወርድም። የስብ ክሪስታል ስለማያስፈልገው የቀትሩ ሙቀት ብዙ አላስቸገረውም። በሳህኑ ላይ የቀረ ጥቂት ቅባት ግን ሁሉን ያበላሻል፤ ሳህኑ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ታጥቦ መድረቅ አለበት።

አረፋው ነጣ ብሎ ቆመ። ሳህኑን ብንገለብጠውም አልፈሰሰም። አያቲቱ ሁለት ማንኪያ ቀመሱና፣ «ስኳሩ በዝቷል፤ ደግሞስ ቡናው የት አገር የተቆላ ነው?» ብለው ጠየቁን። ጣሳውን አዙረን አሳየናቸው፤ ከውጭ አገር የገባ ነበር።