ከመሪሌ እስከ ሞያሌ፦ አንድ አስፋልት የማርሳቢትን ትንንሽ ከተሞች እንዴት ለወጣቸው?

ከናይሮቢ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የኢሲዮሎን ከተማ ካለፈ በኋላ የመሬቱ መልክ ይለወጥበታል። የእርሻ ማሳው እየራቀ ግራርና ቁጥቋጦ ይተካዋል፤ ከማርሳቢት ተራራ ማዶ ደግሞ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተበተነበት ሰፊ ሜዳ ይዘረጋል። ዛሬ ይህ ሁሉ በአስፋልት ስለሚታለፍ፣ ማልዶ የተነሳ መንገደኛ በዚያው ዕለት ከኢትዮጵያ ጋር የምትዋሰነው ሞያሌ መድረስ ይችላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ይኸው 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ዝናብ ከጣለ ደግሞ መቼ እንደሚጠናቀቅ የሚያውቅ አልነበረም። መንገደኛው በከብት ጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ፣ አቧራ እየጠጣ፣ በአንዳንድ ቦታዎች በታጠቁ ፖሊሶች ታጅቦ ነበር የሚጓዘው።

ይህ መንገድ በካርታ ላይ ካይሮን ከኬፕታውን ያገናኛል ተብሎ የታቀደው አህጉራዊ አውራ ጎዳና አካል ነው። ለማርሳቢት ካውንቲ ነዋሪዎች ግን ከዚያ የቀረበ ትርጉም አለው። ካውንቲው 70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ በ2019ኙ የኬንያ የሕዝብ ቆጠራ 460 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተመዝግቦበታል። ይህን ሁሉ ስፍራ ከደቡብ እስከ ሰሜን የሚሰነጥቀው ዋና አስፋልት ይኸው አንድ መንገድ ነው። ከተሞቹን ያነቃቸውም፣ አንዳንዶቹን ወደኋላ ያስቀራቸውም እሱ ነው።

ኬንያ ውስጥ ሆኖ ከኬንያ የራቀ

የሰሜን ኬንያ ነዋሪዎች ወደ ናይሮቢ ሲሄዱ “ኬንያ ደርሼ ልመለስ” ይሉ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። አባባሉ ቀልድ ቢመስልም መነሻው ታሪክ ነው።

የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች አካባቢውን “የሰሜን ድንበር አውራጃ” ብለው ሰይመው ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሚለያቸው የመከላከያ ቀጠና አድርገው ነበር የሚያዩት። በ1926 እና በ1934 የወጡ ሕጎች ወደ አውራጃው መግባትና ከአውራጃው መውጣት የሚቻለው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግገዋል። አርብቶ አደሩ ከብቱን ወደ ደቡብ ነድቶ እንዳይሸጥም የተለያየ ገደብ ይጣልበት ነበር።

ነፃነት ሲመጣም ሁኔታው ወዲያውኑ አልተለወጠም። የኬንያ መንግሥት በ1965 ያወጣው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሰነድ፣ የልማት ገንዘብ ፈጣን ውጤት ሊሰጡ ወደሚችሉ፣ ዝናብና ለም መሬት ወዳላቸው አካባቢዎች እንዲሄድ ይመክራል። በዚህ ስሌት መሠረት ደጋው ባቡር፣ አስፋልትና ፋብሪካ ሲያገኝ ደረቁ ሰሜን ተራውን ጠበቀ። የአገሪቱ አስፋልትም ለአሥርት ዓመታት ኢሲዮሎ ላይ ቆሞ ቀረ።

አስፋልቱ እንዴት ወደ ሰሜን ተጓዘ?

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በአንድ ጊዜ አልተሠራም። በአራት ክፍል ተከፍሎ፣ በየተራ፣ አሥር ዓመት ገደማ በፈጀ ሥራ ነው የተጠናቀቀው። የመጀመሪያው ከኢሲዮሎ እስከ መሪሌ ወንዝ ያለው 136 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ መሪሌ እስከ ማርሳቢት፣ ማርሳቢት እስከ ቱርቢ፣ በመጨረሻም ቱርቢ እስከ ሞያሌ ያሉት ክፍሎች ተከተሉ።

ከኬንያ መንግሥት ጋር ዋናው ገንዘብ አቅራቢ የአፍሪካ ልማት ባንክ ነበር፤ የመሪሌ-ማርሳቢትን ክፍል የአውሮፓ ኅብረት ደግፎታል። ባንኩ ሥራውን የያዘው “ሞምባሳ-ናይሮቢ-አዲስ አበባ” በሚል የአንድ ኮሪደር ዕቅድ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ በኩልም ከሐዋሳ በሐገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ አብሮ ታድሷል።

ማርሳቢት በሌላ ትልቅ ውጥን ውስጥም ትገኛለች። በመጋቢት 2012 የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች ላሙ ላይ ተገኝተው ያስጀመሩት፣ ላፕሴት በመባል የሚታወቀው የወደብ፣ የመንገድና የነዳጅ ቧንቧ ዕቅድ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚያመራውን ቅርንጫፉን ያሰበው በዚሁ መስመር ነው።

በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች

ከደቡብ ወደ ካውንቲው የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያገኛት መሪሌ ናት። አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ በሆነው ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ይህች ትንሽ ከተማ በከብት ገበያዋ ትታወቃለች። ሬንዲሌዎችና ሳምቡሩዎች ከብት፣ ፍየልና በግ ነድተው ይመጣሉ፤ ከደቡብ የመጡ ነጋዴዎች ገዝተው ይጭናሉ።

ቀጥሎ ላይሳሚስና ሎጎሎጎ አሉ። ሁለቱም በዋናነት የሬንዲሌ አርብቶ አደሮች መኖሪያ ናቸው። ከሎጎሎጎ በኋላ መንገዱ ካራሬን አልፎ ሽቅብ ይወጣል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ደን ይታያል። በረሃ መሃል እንደ ደሴት ብቅ ያለው የማርሳቢት ተራራ ላይ የካውንቲው ዋና ከተማ ትገኛለች።

የማርሳቢት ከተማ ስም ከአማርኛ የመጣ ነው የሚል አፈ ታሪክ አለ። ማርሳ የሚባል የቡርጂ ገበሬ እርሻ እንዲያስተምር ከኢትዮጵያ ወደዚህ እንደመጣ፣ ሰዎችም ስፍራውን “የማርሳ ቤት” እንዳሉት ይተረካል። ስለ ስሙ አመጣጥ ሌሎች ትረካዎችም አሉ። ያም ሆኖ፣ መነሻቸው ደቡብ ኢትዮጵያ የሆነው ቡርጂዎች ዛሬም በማርሳቢትና በሞያሌ በእርሻና በንግድ የታወቁ ማኅበረሰብ ናቸው።

ከማርሳቢት ወደ ሰሜን መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ቡቢሳን ካለፈ በኋላ ወደ ዲዳ ገልገሉ ሜዳ ይገባል። እስከ ቱርቢ ድረስ ጥላ እምብዛም አይገኝም። ከዚያ ዋልዳ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብላ በኮረብቶች የተከበበችው ሶሎሎ፣ በመጨረሻም ሞያሌ ይከተላሉ።

እነዚህ የሰሜን ከተሞች ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደሉም። ደርግ በወደቀበት ወቅት ከኢትዮጵያ የሸሹ በርካታ ሰዎች ዋልዳ በነበረው የስደተኞች ካምፕ ተጠልለው ነበር። በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላም ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረዋል፤ ከፊሎቹ በሶሎሎ አካባቢ ተጠልለዋል።

አስፋልቱ ለማን ምን አመጣ?

ለአርብቶ አደር፣ መንገድ ማለት ከሁሉ በፊት የከብት ዋጋ ማለት ነው። መንገዱ ኮረኮንች በነበረበት ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ፍየሎችን ከሞያሌ ናይሮቢ ለማድረስ ቀናት ይፈጅበት ነበር። በመንገድ ላይ እንስሳት ይሞታሉ፤ የተረፉትም ይከሳሉ፤ ጎማና ሞሎኪዮ ይሰበራል። ነጋዴው ይህን ኪሳራ አስቀድሞ ስለሚያሰላ፣ ከአርብቶ አደሩ የሚገዛበትን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ የመጥፎ መንገድ ዕዳ የሚያርፈው በስተመጨረሻ ፍየል ሻጩ ላይ ነበር።

አሁን ምሽት ላይ የተጫኑ እንስሳት በማግሥቱ ኪያማይኮ በተባለው የናይሮቢ የፍየል ገበያ ሊገኙ ይችላሉ። በአንድ ቀን የሚበላሽ ሸቀጥም መጓዝ ጀምሯል። በሞያሌ ሴቶች የሚነግዱበት የግመል ወተት በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ናይሮቢ ይላካል። በተቃራኒው አቅጣጫ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ዱቄትና ዘይት ወደ ሰሜን ይመጣል።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ በቀሩበት ድርቅ ወቅት የመንገዱ ጥቅም ጎልቶ ታይቷል። እህልና ውሃ የጫኑ መኪኖች በዋናው መስመር ላይ ላሉ ከተሞች በቀላሉ ይደርሱ ነበር። ሆኖም አስፋልት ዝናብ አያዘንብም፤ በማርሳቢት የሞቱት ከብቶች ቁጥር እጅግ ብዙ ነበር።

ጥቅሙ ግን ለሁሉም እኩል አልተዳረሰም። ቀድሞ ሾፌሮች አዳር ያደርጉባቸው የነበሩ ትንንሽ መንደሮች የሻይ ቤታቸው፣ የመኝታቸውና የጎሚስታቸው ገበያ በመንገዱ ብልሽት ላይ የተመሠረተ ነበር። አሁን አውቶቡሱ በሰዓታት ውስጥ ያልፋቸዋል። ፍጥነትም የራሱን አደጋ ይዞ መጥቷል፤ አስፋልቱ አርብቶ አደሩ መንጋውን ወደ ውሃና ወደ ግጦሽ የሚነዳባቸውን ጥንታዊ መንገዶች ስለሚያቋርጥ፣ ሾፌርና ግመል በምሽት ድንገት ይገናኛሉ።

ከአስፋልቱ ውጭ ያሉት

ከማርሳቢት በስተሰሜን ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መስመር ወደ ማይኮና፣ ካላቻና ኖርዝ ሆር ያመራል። መንገዱ የቻልቢን በረሃ ያዋስናል። ቻልቢ በበጋ ጠንካራ ጨዋማ ሜዳ ስለሆነ መኪና ያስኬዳል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ወደ ጭቃና ኩሬ ስለሚለወጥ ከተሞቹን ከካውንቲው ዋና ከተማ ሊቆርጣቸው ይችላል። እዚያ ላለች ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ታማሚ፣ በማርሳቢት አስፋልት መኖሩ ብቻውን ብዙም አይረዳትም።

በደቡብ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። ከላይሳሚስ ተነስቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ አቅጣጫ የሚሄደው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የጠጠር መንገድ የተሻሻለው የሐይቅ ቱርካና የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሲገነባ ነው። 365 ተርባይኖች ያሉትና 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ጣቢያ፣ ግዙፍ የተርባይን ክፍሎችን የሚያሳልፍ መንገድ ያስፈልገው ነበር። ነዋሪው ለብዙ ዓመታት የጠበቀውን መንገድ ያመጣው የተርባይን ጭነት መሆኑ፣ በሰሜን ኬንያ መንገድ የሚሠራው ለማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያስነሳል።

በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን ሲያቋቁም ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። ከ2013 ጀምሮ ማርሳቢት የራሷ አስተዳዳሪ፣ ምክር ቤትና በጀት አላት። ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ሲቆዩ፣ ወደ መንደሮች የሚገቡት የውስጥ መንገዶች የካውንቲው ኃላፊነት ሆነዋል። ችግሩ የስፋቱ ጉዳይ ነው፤ ለጥቂት ሰዎች ረጅም መንገድ መሥራት የነፍስ ወከፍ ወጪውን ያንረዋል።

አጀብ፣ ኬላ እና ስደተኞች

የቱርቢ ስም በኬንያ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት መንገዱን አይደለም። በሐምሌ 2005 ታጣቂዎች ከተማዋ ላይ ባደረሱት ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከሟቾቹ ውስጥ የትምህርት ቤት ተማሪዎች ይገኙበታል። ግድያው በግጦሽ፣ በውሃና በፖለቲካ ሥልጣን ዙሪያ በማኅበረሰቦች መካከል ከነበረ ቁርሾ ጋር የተያያዘ ነው። ተሽከርካሪዎች በአጀብ የሚጓዙትም በሽፍቶችና በእንዲህ ያለ ግጭት ምክንያት ነበር።

አስፋልቱ ከመጣ በኋላ ፖሊስ በፍጥነት መድረስ ስለሚችል የመንገድ ላይ ዘረፋው ቀንሷል። ግጭቱ ግን አልጠፋም። በግንቦት 2022 መንግሥት በማርሳቢት የሰዓት እላፊ ለመጣል ተገዷል። መንገድ የጸጥታ ኃይልን ያቀርባል እንጂ የውሃ ጉድጓድና የድንበር ክርክርን አይፈታም።

ኬላዎቹም ሌላ ታሪክ አላቸው። ከደቡብ ኢትዮጵያ ተነስተው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያቀኑ ወጣቶች ከሚጠቀሙባቸው መስመሮች አንዱ ይህ ነው። ፓስፖርት ያለው ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ኬንያ መግባት ቢችልም፣ ብዙዎቹ ያለ ሰነድ በደላላ ስለሚጓዙ ኬላ በደረሱ ቁጥር ወርደው በጫካ ይዞራሉ፤ የተያዙትም ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ለነጋዴው ያጠረው መንገድ ለእነሱ አሁንም ረጅም ነው።

ሁለት ከተሞች፣ አንድ ስም

በሞያሌ አስፋልቱ ድንበሩን ይሻገራል። በኬንያ መኪና በግራ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በቀኝ ስለሚነዳ ሾፌሩ እዚህ ሲደርስ መስመሩን ይቀይራል። ነዋሪዎቹ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ይጋባሉ፤ በሁለቱም ገንዘብ ይገበያያሉ።

በታኅሣሥ 2020 የወቅቱ የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ እና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሞያሌን የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል። ዓላማው መንገደኛም ሆነ ጭነት ሁለት ጊዜ ከመፈተሽ ይልቅ አንድ ቦታ ላይ ጉዳዩን እንዲጨርስ ነው።

የአፍሪካ ልማት ባንክ ኮሪደሩ የሁለቱን አገራት ዓመታዊ ንግድ ከ35 ሚሊዮን ወደ 175 ሚሊዮን ዶላር ያሳድጋል የሚል ተስፋ ይዞ ነበር የተነሳው። ነገር ግን የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አሁንም የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚከሰት አለመረጋጋት፣ የጉምሩክ አሠራርና የውጭ ምንዛሪ እጥረት መንገዱ ሊሸከም የሚችለውን ያህል ጭነት እንዳያይ አድርገውታል።

በዚህ መሃል የማርሳቢት ከተሞች ሁለቱ ዋና ከተሞች እስኪገበያዩ አልጠበቁም። ፍየሉ፣ ወተቱና ዱቄቱ በየዕለቱ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይጓዛል። ለመሪሌ ከብት ሻጭና ለሞያሌ ወተት ነጋዴ ከካይሮና ከኬፕታውን ይልቅ የሚያሳስበው፣ ከአስፋልቱ እስከ ደጃፋቸው ያለው ቀሪ መንገድ መቼ ይሠራል የሚለው ነው። ኖርዝ ሆር ያለው አርብቶ አደር ደግሞ የዝናብ ደመና ባየ ቁጥር ለግጦሹ ደስ እያለው፣ ለመንገዱ ይሰጋል።