ቴሌስኮፕ በጅቡቲ ጣራ ላይ፦ ቀላል መቆሚያ እንዴት ይመረጣል?

በጅቡቲ ከተማ በበጋው ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሲመሽም ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ሰው ንፋስ ፍለጋ ጠፍጣፋው ጣራ ላይ ይወጣል። ከጣራው በላይ ያለው ሰማይ ደግሞ አብዛኛው ዓለም የማያገኘው ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በሰሜን የሰሜን ኮከብ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በላይ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በደቡብ ደግሞ የደቡብ መስቀል በወቅቱ እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ፓሪስ ያለ ሰው ሁለተኛውን ጨርሶ አያየውም፤ ኬፕታውን ያለው ደግሞ የመጀመሪያውን።

እንዲህ ያለውን ሰማይ በትንሽ ቴሌስኮፕ ማየት የሚፈልግ ሰው ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመስታወቱን ስፋትና የሚያጎላበትን መጠን ነው። ቴሌስኮፑ ከወር በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቅር ወይስ በየሳምንቱ ጣራ ላይ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ግን በአብዛኛው መቆሚያው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መቶ እጥፍ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ የእጅን ንዝረትም መቶ እጥፍ ያጎላል። በዚያ ላይ ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይሄዳል። የጨረቃ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለች። በመቶ እጥፍ ሲታይ የተለመደ የዐይን ሌንስ የሚያሳየው ያንኑ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ መሃል ላይ የተቀመጠች ሳተርን በአንድ ደቂቃ ገደማ ከዕይታ ትወጣለች። ስለዚህ መቆሚያ ሁለት ሥራ አለበት፤ ሲቆም ፍጹም ጸጥ ማለት፣ ሲዞር ሳይንገጫገጭ መዞር።

ለዚህ ሥራ የተፈጠሩት መቆሚያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ኢኳቶሪያል ይባላል። የጀርመኑ የመነጽር ሊቅ ዮሴፍ ፎን ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1824 በዶርፓት፣ በዛሬዋ የኢስቶኒያ ከተማ ታርቱ፣ ለተተከለው ትልቅ ቴሌስኮፕ የሠራው የዚህ ዓይነቱን ነበር። ከሁለቱ ዘንጎች አንዱ ወደ ሰማይ ዋልታ ያነጣጥራል፤ ከዚያ በኋላ ያ አንድ ዘንግ ብቻ በምድር ፍጥነት ከተሽከረከረ ኮከቡ ከመሃል አይነቃነቅም። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ጅቡቲ ላይ ግን ሦስት ችግር ይገጥመዋል። ዘንጉ ከአግድሙ 11.6 ዲግሪ ብቻ ቀና ስለሚል፣ ማመጣጠኛ ክብደቱን የያዘው ብረት ከመቆሚያው እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል። የኬክሮስ ልኬታቸው ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ የሚጀምር ሞዴሎችም አሉ፤ እነዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ በትክክል ሊነጣጠሩ አይችሉም። ሦስተኛው ችግር የሰሜን ኮከብ ራሱ ነው። ዝቅ ብሎ ስለሚቆም የጎረቤት ግድግዳ ይከልለዋል፤ የባሕሩ ጭጋግና አቧራም ያደበዝዘዋል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። በአማተሮች ዘንድ የታወቀው የስካይ ዋቸር ኤችኢኪው5 ራሱ ብቻ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የብረት እግሩና ማመጣጠኛ ክብደቶቹ ሲደመሩ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ይህን ተሸክሞ በሙቀት ሦስት ፎቅ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት አልት-አዚሙዝ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ይዞራል። የዋልታ ማነጣጠር፣ ማመጣጠኛ ክብደት፣ ኮምፓስ አያስፈልገውም። እግሩ ይዘረጋል፣ ቱቦው ይታሰራል፣ መመልከት ይጀመራል። ቀላልነቱ የጀማሪ ብቻ የሚያስመስለው ሰው ይኖራል፤ ይሁን እንጂ የሶቪየት ኅብረት ባለ 6 ሜትር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዓለም ላይ የተሠሩት ግዙፍ ቴሌስኮፖች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚሁ ስልት የቆሙ ናቸው። እነሱን ኮምፒውተር ያዞራቸዋል፤ የጣራ ላዩን ደግሞ እጅ።

የከተማዋ አቀማመጥም ለዚህ መቆሚያ ያደላል። በፓሪስ ኮከብ ከምሥራቅ አድማስ ተነስቶ ወደ ጎን እያዘመመ ስለሚወጣ፣ በእጅ የሚከታተለው ሰው ሁለቱንም መዘውር ማዞር አለበት። በጅቡቲ ግን በምሥራቅ የሚወጣ ኮከብ ከአድማሱ ጋር 78 ዲግሪ ሠርቶ ሽቅብ ማለት ይቻላል ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ በምዕራብም እንዲሁ ቁልቁል ይወርዳል። ተመልካቹ አንዱን መዘውር ብቻ ቀስ እያለ ካዞረ ጁፒተር ከነአራቱ ትላልቅ ጨረቃዎቿ መሃል ላይ ትቆይለታለች።

ደካማ ጎኑ አናት ላይ ነው። እዚህ ጨረቃና ፕላኔቶች ከፍታቸው ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ 50 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው፤ አንዳንዴም ልክ ከራስ በላይ ያልፋሉ። በዚያ ሥፍራ አልት-አዚሙዝ ለትንሽ የሰማይ እንቅስቃሴ በስፋት መዞር ይኖርበታል፤ ረጅም ቱቦም ከእግሮቹ ጋር ይጋጫል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕላኔቷን አናት ላይ ከመድረሷ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም በኋላ መመልከት። ሁለተኛ፣ አጭር ቱቦ መምረጥና በእግሩና በራሱ መካከል ማስረዘሚያ ምሰሶ ማስገባት።

ገበያ ላይ ያሉትን ጥቂቶች ማወዳደር ምርጫውን ግልጽ ያደርገዋል። የጃፓኑ ቪክሰን ፖርታ 2 ከነእግሩ 6 ኪሎ ገደማ ሲሆን 5 ኪሎ ያህል ቱቦ ይሸከማል። በእጅ ይገፋል፤ ለጥቃቅን እንቅስቃሴ ደግሞ መዘውር አለው። ባትሪ የለውም፤ ስለዚህ ሙቀት የሚጎዳው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የለም። የስካይ ዋቸር ኤዜድ-ጂቲአይ ራሱ 1.3 ኪሎ ብቻ ነው፤ በስምንት ትናንሽ ባትሪ ድንጋዮች ይሠራል፤ በዋይፋይ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ ኮከቡን ፈልጎ ይከተላል። በእጅ ሲገፋም ያነጣጠረበትን አይረሳም። ይኸው ኩባንያ የሚሠራው ሄሪቴጅ 130ፒ ባለ 130 ሚሊሜትር መስታወት ሆኖ 6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቱቦው ይታጠፋል፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይም ይቀመጣል።

ከእነዚህ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ሰው በማርሻቸው አሠራር የሚለዩ መቆሚያዎችን ያገኛል። አሜሪካዊው ዋልተን መስር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፈለሰፈው ሃርሞኒክ ማርሽ፣ የሚለመጥ ስስ የብረት ጽዋ ሌላ ጥርሳም ቀለበት ውስጥ እየተንከባለለ የሚያዞር ነው፤ መላላት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1971 አፖሎ 15 ጨረቃ ላይ ያደረሳት ተሽከርካሪ ጎማዎቿን በዚሁ ማርሽ ታዞር ነበር። ዜድደብልዩኦ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤኤም5 በዚህ ማርሽ አማካይነት 5 ኪሎ ሆኖ 13 ኪሎ ያለ ማመጣጠኛ ክብደት ይሸከማል። ኃይል ከተቋረጠበት ግን በእጅ አይገፋም። ዐይን ከማስጠጋት ይልቅ በስልክ መመልከት የሚወድ ሰው ደግሞ በዚያው ኩባንያ የተሠራውን ሲስታር ኤስ50 ያገኛል፤ ቱቦው፣ ካሜራውና መቆሚያው አንድ ላይ የተሠሩ፣ 2.5 ኪሎ የሚመዝን፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው።

ከሁሉ ርካሹ መቆሚያ የሚሠራው ግን አናጺ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳንፍራንሲስኮ የእግረኛ መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሰማይ የሚያሳይ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ጆን ዶብሰን ቀደም ሲል መነኩሴ ነበር። የቀየሰው መቆሚያ የእንጨት ሣጥን ነው። ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል፤ ፎርማይካ ይለጠፍበታል፤ በላዩ ላይ ትናንሽ የቴፍሎን ቁራጮች ይንሸራተታሉ። ኩሽኔታም ሆነ ሞተር የለውም። እንጨት ንዝረትን ቶሎ ይውጣል፤ የባሕር ጨውም አያዝገውም። በጅቡቲ እርጥበት እንዳይላጥ ግን ጠርዙ በደንብ ቫርኒሽ መቀባት አለበት።

የጅቡቲ ንፋስ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። ከከተማዋ በስተምዕራብ በጉቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የተመረቀው የንፋስ ኃይል ጣቢያ 17 ተርባይኖች አሉት፤ 60 ሜጋዋትም የማመንጨት አቅም አለው። እነዚያን የሚያዞር ንፋስ ቱቦንም ያናውጣል። ከባድ ከሆነ አጭር ቱቦ ይልቅ ቀላል ሆኖ ረጅም ቱቦ የበለጠ ይወዛወዛል፤ ንፋሱ ርዝመቱን ይዞ ይገፋዋልና። የመቆሚያው እግርም እስከ ጫፉ ሲሳብ እንደ ሸምበቆ ይለመጣል። ስለዚህ እግሩን አሳጥሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ መመልከት፣ ከእግሮቹ መሃል የአሸዋ ከረጢት ወይም ውሃ የሞላ ጄሪካን ማንጠልጠል፣ ከጣራው ዙሪያ ግድግዳ ከለላ መሆን ይረዳል። ሲሚንቶው ቀን የጠጣውን ሙቀት ለሰዓታት ሲተፋ የኮከቡ ምስል ይንቀጠቀጣል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይረጋል። የጣራው መሃል በእርምጃ ሁሉ ስለሚርገበገብ እግሮቹን ምሰሶ ወይም ግድግዳ በሚሸከመው በኩል ማስቀመጥ ይሻላል።

ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚገባው ፈተና አጭር ነው። ቱቦው ይታሰራል፤ በመቶ እጥፍ አካባቢ ሩቅ ነገር ላይ ይነጣጠራል፤ ከዚያ በጣት መታ ይደረጋል። ምስሉ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ከረጋ መቆሚያው ጥሩ ነው፤ አምስት ሴኮንድ ከፈጀ ለፕላኔት አይሆንም። ሻጩ የሚነግረው የመሸከም አቅም ብዙውን ጊዜ መቆሚያው የማይሰበርበት እንጂ የማይንቀጠቀጥበት ልክ ስላልሆነ፣ ከዚያ ቁጥር ግማሹን ወይም ሁለት ሦስተኛውን ብቻ መጫን ይመከራል። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፤ የአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው ውስጥ ስለሆነ ኮከብ ለማመልከት የሚሸጠውን አረንጓዴ ሌዘር ወደ ሰማይ ማብራት ፈጽሞ አይገባም።

ቶሎ የሚቆም መቆሚያ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው የረመዳን ጨረቃ በምትጠበቅበት ምሽት ነው። አዲሷ ጨረቃ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የምትታየው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ የሰሜን ኮከብ ገና ስለማይታይ ኢኳቶሪያሉን በእሱ ማነጣጠር አይቻልም። አልት-አዚሙዙ ግን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እንደጠለቀች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ምዕራብ ሊዞር ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የራሳቸው ኮከብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ባካሄደው የስያሜ ዘመቻ ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ቡና፣ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ተብለዋል። አቦልን ማየት አይቻልም። ቡና ግን ለዐይን ብቻዋን ትንሽ የደበዘዘች፣ ለማንኛውም ትንሽ ቴሌስኮፕ ቀላል ናት። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባሉ ምሽቶች በአልጎልና በአልማክ ኮከቦች መካከል ኤም34 የተባለው የከዋክብት ጉባኤ ይፈለጋል፤ ከእሱ ሁለት የጨረቃ ስፋት ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲገፋ ቡና ትገኛለች። በጅቡቲ በሰሜን በኩል እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለምትል ከወደቡ መብራት በላይ ናት።

የዶራሌ ወደብ መብራት የሚያስቸግረው ሰው መቆሚያውን መኪና ላይ ጭኖ ወደ አርታ ተራሮች ወይም ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ወዳለው አሳል ሐይቅ ይሄዳል። እዚያ ከአድማስ እስከ አድማስ ፍኖተ ሐሊብ ይታያል፤ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ የሚገባ መቆሚያም በዚያ ዋጋው ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027 ደግሞ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የሚያልፍ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። ጅቡቲ ከመስመሩ ውጭ ብትሆንም ከቀትር በኋላ አብዛኛው የፀሐይ ገጽ ይሸፈንባታል። ፀሐይ በዚያን ሰዓት ከፍ ብላ ስለምትሆን አጭር ቱቦና ማስረዘሚያ ምሰሶ ያለው መቆሚያ ይመቻል፤ ከቱቦው አፍ ላይ በጥብቅ የሚታሰር የፀሐይ ማጣሪያ ደግሞ ግዴታ ነው። በጋለ ጣራ ላይ ለሰዓታት መቆም ስለማይቻል፣ መቆሚያውን ከበር ጥላ አውጥቶ ለደቂቃዎች ተመልክቶ መመለስ የሚችል ሰው ያን ቀን ግርዶሹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከታተል ይችላል።