ሰሙን አይቶ ወርቁን መሳት

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት የታወቀች የጐጃም ደብር ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዷ እርሷ ናት። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ የሚለምደው የሰማውን ቃል እንደ ወረደ አለመቀበልን ነው፤ በሰሙ ውስጥ የተሰወረውን ወርቅ ይመረምራል። በዛሬው ጦር ሜዳ የሚበረው ሰው አልባ አውሮፕላን፣ በተለምዶ ድሮን የሚባለው፣ ትልቁ ድክመቱ ይህን ምርመራ አለማወቁ ነው።

ድሮን ከሁለት ወገን ቃል ይሰማል። አንደኛው ከምድር ሆኖ የሚነዳው ሰው በራዲዮ ሞገድ የሚልክለት ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው የት እንዳለ የሚያስረዳው የሳተላይት ምልክት ነው። ይህም ምልክት 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ስለሚመጣ ምድር ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። ስለዚህ ተከላካዩ ሁለት ዘዴ አለው። የመጀመሪያው ማፈን ነው፤ ይኸውም በሁለት ተነጋጋሪዎች መካከል ሦስተኛ ሰው ገብቶ ሲጮኽ ንግግራቸው እንደሚጠፋ ሁሉ፣ በዚያው ሞገድ ላይ ኃይለኛ ጩኸት መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ማሳሳት ነው፤ ሐሰተኛ የሳተላይት ምልክት ልኮ ድሮኑ ያለበትን ቦታ እንዲስት ማድረግ ነው።

አጥቂውም ዝም አላለም። በዩክሬይን ጦርነት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከኋላቸው ቀጭን የመስታወት ክር እየዘረጉ የሚበሩ ድሮኖች በብዛት ታዩ፤ ትእዛዙ በክሩ ውስጥ ስለሚያልፍ ጩኸቱ አያውከውም።

በሞገድ መዋጋት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የኢትዮጵያን የራዲዮ መልእክት እየጠለፈ ያነብ ስለነበር፣ ከማይጨው ውጊያ በፊት የጦር አሳባችን ከጠላት ጆሮ ደርሶ ነበር።

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ማፈኛውም ማሳሳቻውም ጦር ሠራዊት የሚታጠቀው ጋሻ ነው፤ ገበሬው የለውም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በድሮን ተፈጽሟል በተባለ የአየር ጥቃት 26 ሰዎች መሞታቸው እንደተነገረ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ገልጿል። መሣሪያ ላልያዘ ሰው የቀረለት ጋሻ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ሁለተኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ በአገር ውስጥ ጦርነትም ቢሆን ሰላማዊውን ሕዝብ ዒላማ ማድረግን ይከለክላል።

ሕጉን የሚፈጽመው ግን በስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው። ከብዙ ሺህ ሜትር ከፍታ ሲታዩ ለቀብር የወጣ ሕዝብ፣ ለደቦ የተሰበሰበ ጎረቤትና ለውጊያ የተሰለፈ ጭፍራ ይመሳሰላሉ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰሙ ነው፤ ወርቁን ሳያገኝ ቍልፉን ቢጫን የጠፋችው ነፍስ አትመለስም። ይህን ስሕተት የሚያፍን መሣሪያ ገና አልተሠራም።

ከተማሪዎቻችንና ከወጣት ሹማምንቶቻችን መካከል ነገ መሣሪያውን የሚሠራ፣ የሚገዛ ወይም የሚያዝበት ይኖራል። እርሱም ከኢንጂነሪንግ ትምህርቱ ጋራ የቅኔ ተማሪውን ልማድ ይያዝ፤ ያየውን ደግሞ ይመርምር፤ ከተጠራጠረም እጁን ይሰብስብ።